ሞተሩ ሲጠፋ የትኛው አምፖል ጠፋ?

ጥያቄ፦ «ከደባርቅ ወደ ሳንካበርና ጨነቅ ጎብኚዎችን የማመላልስበት የ1996 ሞዴል ላንድክሩዘር አለኝ፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ በጠጠሩ መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ መኪናው ሳይቆም ራሱ ይነሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ካልቆመ እሺ አይልም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚልበት ቀንም አለ። ጋራዥ ስወስደው ምንም አይገኝበትም። ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ዲናሞ አሠርቻለሁ፣ የናፍታ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። አሁን ናፍታ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ይውረድ እየተባልኩ ነው። መኪናው ከሁለት ዓመት በፊት ቀለም ተቀብቷል፤ ትንሽ ቆይቶም የጂፒኤስ መከታተያ ተገጥሞለታል። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ፖምፓው እንዲወርድ ገና አይፍቀዱ። ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ተለክቶ እስኪመለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ጊዜ ቀላል አይደለም፤ እርስዎ የገለጹት ጠባይ ደግሞ የፖምፓ ጠባይ አይደለም። ናፍታ ያጠረው ሞተር በአንድ ጊዜ አይጠፋም። አቅም ያጣል፣ ያንገራግራል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆመው። አየር ከገባበትም እንደገና ለማስነሳት ረዘም አድርጎ ማዞር ይጠይቃል። የእርስዎ መኪና ግን ቁልፉ የተዘጋ ያህል ቀጥ ብሎ ይጠፋል፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ሳለ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ይህ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ምልክት ነው።

ናፍታ ሞተር ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም ይባላል። በ1ኤችዜድ ላይ ይህ አባባል እውነት ሊሆን የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፖምፓው ላይ የናፍታ መዝጊያ ሶሌኖይድ አለ፤ ትንሽ ዕቃ ነው፣ የሚገባበትም አንድ ሽቦ ብቻ ነው፣ ጫፉ ላይ በትንሽ ዳዶ የታሰረ። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ይደርሰዋል፤ ውስጡ ያለው ጥምጥም ማግኔት ሆኖ ትንሿን መዝጊያ ወደ ላይ ይስባታል፤ የናፍታው መተላለፊያ ይከፈታል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ መዝጊያዋን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ ናፍታው ይቆማል፣ ሞተሩም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄዎ ወደ አንድ ጠባብ ጥያቄ ይወርዳል፦ በዚያ አንድ ሽቦ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ የሚያቋርጠው ምንድን ነው?

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳል፤ ባትሪው አጠገብ ባለው የሚቀልጥ የደኅንነት ሽቦ ያልፋል፤ ወደ ቁልፉ ማብሪያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ከፊውዙ ካቢናውንና ሞተሩን የሚለየውን ግድግዳ ተሻግሮ ወደ ሶሌኖይዱ ይደርሳል። መመለሻው የፖምፓው አካል ራሱ ነው፤ በሞተሩ ብረት አድርጎ፣ በወፍራሙ የማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ገመድ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይመለሳል። ሶሌኖይዱን የሚመግበው የትኛው ፊውዝ እንደሆነ እንደ ሞዴሉና እንደተላከበት አገር ሊለያይ ይችላል፤ ቁልፉን ከፍተው ፊውዞቹን አንድ በአንድ በመንቀል ሶሌኖይዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚጠፋበትን ያግኙ። አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ከእነዚህ መኪኖች በ24 ቮልት የሚሠሩም አሉ። ሁለት ባትሪ ካለዎት ሁለቱ ጎን ለጎን ተገናኝተው 12 ቮልት፣ ወይም ተቀጣጥለው 24 ቮልት ሊሆኑ ይችላሉ። በቴስተር ይለኩ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለ12 ቮልት ነው።

ጋራዡ ምንም ያላገኘው ሙያ ስለሌለው አይመስለኝም። መኪናው በቆመበት፣ በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ብልሽቱ የለም። የሌለን ብልሽት ማንም ለክቶ አያገኘውም፤ ስለዚህም ወደ መገመትና ዕቃ ወደ መቀየር ይኬዳል፣ ባትሪውና ፊልትሮው የተቀየሩት፣ ዲናሞውም የተሠራው እንዲህ ነው። መፍትሔው ብልሽቱ በሚመጣበት ሰዓትና ቦታ መሣሪያው መኪናው ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው፤ ምስክር አምፖሎች እላቸዋለሁ።

ባለ 12 ቮልት፣ ከ3 እስከ 5 ዋት የሆኑ፣ ክር ያላቸው አምፖሎች ከነመያዣቸው ይግዙ። የሦስቱንም አንድ አንድ ጫፍ በአንድነት በቀጥታ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይውሰዱ። ወደ መኪናው ብረት አይሰሩ፤ ማሳው ራሱ ተጠርጣሪ ስለሆነ ምስክር ሊሆን አይችልም። የቀሩትን ጫፎች እንዲህ ያገናኙ፦ የመጀመሪያውን ከቁልፉ ማብሪያ ወጥቶ ወደ ፊውዙ በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሁለተኛውን ከፊውዙ መውጫ ላይ፣ ሦስተኛውን ሶሌኖይዱ ጫፍ ላይ፣ ከዳዶው ሥር። በእያንዳንዱ ሽቦ መነሻ ላይ የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ቀጭን ሽቦ አንድ ቦታ ተፍቆ ብረት ቢነካ አዲስ ብልሽት እንዳይጨምርብዎ ነው። አምፖሎቹን በቅደም ተከተል ዳሽቦርዱ ላይ በናስትሮ ይለጥፉና 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉባቸው። ቁልፉ ሲከፈት ሦስቱም መብራት አለባቸው።

ከዚያ ወደሚጠፋበት መንገድ ይሂዱ። እርስዎ አምፖሎቹን አይመልከቱ፤ ዓይንዎ መንገዱ ላይ ይሁን። ስልክዎን አምፖሎቹ እንዲታዩ አድርገው ያቁሙና ቪዲዮ ይቅረጹ፤ መቋረጡ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ላይቆይ ስለሚችል፣ ቪዲዮውን ዘግየት አድርጎ መመልከት ሰው ከሚያየው ይበልጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ሦስተኛው ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከፊውዙ እስከ ሶሌኖይዱ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ከጠፉ ፊውዙ፣ የፊውዙ መያዣ ወይም ወደ ፊውዙ የሚገባው ሽቦ ነው። ሦስቱም ከጠፉ ከቁልፉ ማብሪያ ወደ ኋላ፣ እስከ ባትሪው ድረስ ይፈልጉ። ሦስቱም እየበሩ ሞተሩ ከጠፋ ሶሌኖይዱ ራሱ፣ ወይም ማሳው፣ ወይም በእርግጥም የናፍታ ጉዳይ ነው። በአንድ ጉዞ የፍለጋው ሦስት አራተኛ ከትከሻዎ ይወርዳል።

ለምን ቴስተር አይበቃም? ቴስተር ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ጫፉ ላይ ሥራ ከሌለበት ቴስተሩ ላይ ሙሉ 12.4 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ሲሰጡት ግን ይከዳል። የተጠረጠረን ሽቦ በትክክል ለመፈተን ከሶሌኖይዱ ነቅለው የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ያገናኙበት፤ ከ4 አምፔር በላይ ይጎትታል። ደህና ሽቦ ያለ ችግር ያበራዋል፤ የታመመ ሽቦ አምፖሉን ያደበዝዘዋል፣ ወይም ራሱ ይሞቃል።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የሚነዱት በገደል አፋፍ ላይ ነውና። ሞተሩ በቁልቁለት ሲጠፋ ፍሪሲዮን አይርገጡ። የፍሬኑን ማገዣ የሚያንቀሳቅሰው ቫክዩም ፓምፕና የመሪው ፓምፕ ሁለቱም በሞተሩ መዞር ነው የሚሠሩት። ማርሹ እንደገባ ከተዉት ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ናፍታ ባይቃጠልም ፓምፖቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፣ ሞተሩም መኪናውን ይይዛል። ፍሪሲዮን በረገጡ ቅጽበት ግን መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ከጥቂት መርገጥ በኋላ ይደነድናል። ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ ጎብኚ ባይጭኑበት፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ጨርሶ ባይወርዱበት ይሻላል።

አሁን ወደ ግምቴ ልምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ ትልቁን መረጃ የሰጡኝ ወደ መጨረሻው ላይ ነው፦ ቀለሙና ጂፒኤሱ። መኪና አዲስ ጠባይ ሲያመጣ ከዚያ በፊት ማን ነካው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜም መልሱ እዚያ ይገኛል።

ሞተሩን የሚያጠፋው የጂፒኤሱ አገጣጠም ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው። እነዚህ መሣሪያዎች መኪናው ቢሰረቅ ከሩቅ እንዲያጠፉት ተብለው ብዙ ጊዜ ከሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ከሚሠራ ማብሪያ ጋር ይገጠማሉ። ገጣሚው የሶሌኖይዱን ወይም የቁልፉን ሽቦ ይቆርጥና ሁለቱን ጫፎች በሪሌው በኩል ያገናኛል። ያን ጊዜ ሞተርዎ በሕይወት የሚቆየው በዚያች ሪሌና በሁለት መገጣጠሚያዎች ችሮታ ነው። መገጣጠሚያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽቦ በሽቦ ላይ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት፣ ወይም ሽቦውን በብረት ጥርሱ የሚነክስ የፕላስቲክ ቆንጣጭ ነው። ጥርሱ የሽቦውን ክሮች ግማሹን ይቆርጣል፤ የቀሩት በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጥ አንድ በአንድ ያልቃሉ። የቀረችው ጠባብ መንገድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ትሞቃለች፣ ሞቃ ትቋረጣለች፣ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ትገናኛለች። ራሱ መነሳቱን መንቀጥቀጡ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቁን ሙቀቱ ያስረዳሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ባለው ጨነቅ የክረምቱ ጉም ናስትሮው ሥር ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ሲያደርገው ደግሞ ይብሳል።

በዳሽቦርዱ ሥር የፋብሪካ ያልሆነውን ሽቦ ይፈልጉ። የፋብሪካው ሽቦ በአንድ ዓይነት ጥቅል ተጠቅልሎ፣ በየቦታው ተጨብጦ ይሄዳል፤ በኋላ የተገጠመው ቀለሙም፣ ናስትሮውም፣ አካሄዱም ይለያል። ሪሌዋን ሲያገኙ ሞተሩን አስነስተው፣ ቆሞ እየሠራ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርገው ያነቃንቁ፤ ሦስተኛው አምፖል ብልጭ ካለ ቦታው ላይ ነዎት። በንዴት መንጭቀው አይጣሉት፤ ዋናው ሽቦ የተቆረጠ ስለሆነ መኪናው ጨርሶ አይነሳም። የተቆረጡትን ሁለት የፋብሪካ ጫፎች ለይተው በቀጥታ መልሰው ያገናኙና ለተወሰኑ ጉዞዎች ይሞክሩ። መከታተያውን የመድን ድርጅት ወይም ሌላ አካል ግዴታ አድርጎብዎት ከሆነ ያስታውቋቸው፤ መኪናው ያለበትን ቦታ መናገሩን እየቀጠለ ሞተር የማጥፋቱ ክፍል ብቻ እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል።

ጂፒኤሱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ የማየው የቁልፉን ማብሪያ ነው። ቁልፍዎ ላይ የቤትና የቢሮ ቁልፎች ከታሰሩ ያውጧቸው። ለዓመታት በመንቀጥቀጥ የተወዛወዘ ዘለላ ከቁልፉ ጀርባ ያሉትን መገናኛዎች ይበላቸዋል። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ሳያዞሩ በጣትዎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይግፉት። የመጀመሪያው አምፖል ከተርገበገበ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ብቻ ማስቀየር በቂ ነው፤ ቁልፉ ከሚገባበት ሲሊንደር ተለይቶ በብሎን ስለሚወጣ አዲስ ቁልፍ አያስፈልግም።

የሚቀልጠውን የደኅንነት ሽቦ ደግሞ በዓይን አይመኑት። ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጫፎች በጣቶችዎ ይያዙና ቀስ ብለው ይሳቡ፤ መዳብ ያለበት ሽቦ አይለጠጥም። እንደ ላስቲክ ከተሳበ ውስጡ የለም። ይህ ፈተና ለየትኛውም የተጠረጠረ ሽቦ ይሠራል፤ በተለይ ግድግዳውን በሚሻገርበት የጎማ ቀዳዳ አጠገብና ከሞተሩ ጋር በሚወዛወዝበት ክፍል። የደኅንነት ሽቦውን በተራ ሽቦ አይተኩ፤ የተሠራው መኪናው እንዳይቃጠል ነው።

የጠዋቱ «ቀጭ» ግን ሌላ ብልሽት ይመስለኛል። አሮጌ መኪና ላይ ሁለት ብልሽቶች አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከር ፍለጋውን ያሳስታል። እዚህ ላይ ነው ቀለሙን የምጠረጥረው። ቀለም ቀቢ የማሳ ብሎኖቹን ሳይነቅል ይረጭባቸዋል፤ ወይም ነቅሎ በቀለሙ ላይ መልሶ ያስራቸዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ፍሬቻ ሲያበሩ የነዳጅ ወይም የሙቀት ጠቋሚው አብሮ የሚዘል ከሆነ የማሳ ችግር ለመኖሩ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ።

ልኬቱ ቀላል ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የሶሌኖይዱን ሽቦ ይንቀሉና ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑ። አንድ ሰው ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ያዙር፤ እርስዎ ቴስተሩን በባትሪው ነጌቲቭ ራስና በሞተሩ ንጹሕ ብረት መካከል ይያዙ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ የማሳው ገመድ ወይም እስሩ ታሟል። በባትሪው ፖዘቲቭ ራስና በሞተሪኖው ትልቅ ብሎን መካከል ደግሞ እስከ 0.5 ቮልት ይታገሡታል። ሞተሪኖው እየዞረ የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አዲስ ቢሆንም መመርመር አለበት። የማሳ ቦታዎቹን ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡ፣ በደንብ ያጥብቁ፣ ቫዝሊን ወይም ግራሶ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው። በቶዮታ ላይ ትንንሾቹ የማሳ ሽቦዎች ነጭ ሆነው ጥቁር መስመር አላቸው፤ ሲያገኟቸው አይለፏቸው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ቀጭታው ከቀጠለ ሞተሪኖው ላይ ያለው ማብሪያ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች አልቀዋል ማለት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የታወቀ ነገር ነው፤ መገናኛዎቹ ለብቻቸው ይቀየራሉ፣ ሙሉ ሞተሪኖ አይግዙ።

ሦስቱም አምፖሎች እየበሩ ሞተሩ ከጠፋብዎ ወዲያው፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ። ቁልፉ እንደተከፈተ የሶሌኖይዱን ሽቦ ነቅለው መልሰው ያስነኩት። ደህናው «ቀጭ» ይላል፤ እጅዎንም ቢያስቀምጡበት ይሰማዎታል። ዝም ካለ ጥምጥሙ ሲሞቅ ይቋረጣል ማለት ነው፤ ሽቦውን እንደነቀሉ በቴስተር በሶሌኖይዱ ጫፍና በፖምፓው አካል መካከል ኦም ይለኩ፤ ሲሞቅ ተቋርጦ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ሶሌኖይዱን ብቻ ይቀይሩ። ቀጭ እያለ ሞተሩ እምቢ ካለ ነው ወደ ናፍታው የሚኬደው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ ከዚያ የታንከሩ መሳቢያ፣ ፖምፓው በመጨረሻ ነው።

ጥገናውን ሲያሠሩ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አይቀበሉ። ሽቦው በትክክለኛው መጨበጫ ተጨብጦ፣ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ተሸፍኖ፣ እንዳይወዛወዝ ከጥቅሉ ጋር ይታሰር። በቆርቆሮ ብቻ የተበየደ ሽቦ ብየዳው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ግትር ስለሚሆን የሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ እዚያው ይበጠሳል፤ ከተበየደ ግራና ቀኙ ተይዞ መታሰር አለበት።

እስከዚያው መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በ5 አምፔር ፊውዝና በእጅዎ በሚደርስ ማብሪያ አልፎ ወደ ሶሌኖይዱ የሚገባ አንድ ሽቦ አዘጋጅተው ይያዙ። ሲያስፈልግ የመጀመሪያውን ሽቦ ከሶሌኖይዱ ነቅለው፣ ጫፉን ሸፍነው፣ ይህን ያስሩ። በዚህ ሽቦ ሞተሩ ያለ መቋረጥ ከሠራ ሶሌኖይዱም ፖምፓውም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ከሽቦው መንገድ ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ቁልፉ ሞተሩን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ማብሪያው ብቻ ስለሆነ ከእርስዎ ሌላ የሚነዳው ሰው ካለ አስቀድመው ያሳዩት። ሌሊት ሲያቆሙም ማብሪያው መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ካልተዘጋ ሶሌኖይዱ እስኪነጋ ኤሌክትሪክ እየጠጣ አዲሱን ባትሪ ያወርድብዎታል።